ማሙሽ ሳይሆኑ አቶ መሸሻ ዱባለ

አቶ መሸሻ ዱባለ፣ ኮልፌ ገና ባሕር ዛፍና ጭቃ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ በጥቅምት ወር 1922 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ዱባለ ጫሜና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርቅዬ ዛራ እዚሁ ሰፈር ተወለዱ። «ተወለዱ» ሲባል ሰምቶ ጎረቤቱን በክርኑ የሚጎሽም እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይጎሽም! ዕድሜያቸውን ሙሉ «አንተ» ሲባሉ ኖረዋል፤ ዛሬ አንድ ቀን አንቱ ቢባሉ ሰማይ አይደፋም።

ቆመው ለመሄድም፣ አፍ ለመፍታትም ዘገዩ። የሰፈሩ ሰው «ይሄ ልጅ ነፍስ አላወቀም» አለ። ያን ጊዜ እንደ ማንኛውም ሕፃን ማሙሽ ይባሉ ነበር። አብሮ አደጎቻቸው አድገው አቶ እገሌ ሲባሉ እሳቸው እዚያው ቀሩ፤ ጢማቸው ሲሸብትም ማሙሽ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ትምህርት ቤት ገብተው፣ በሳምንቱ «ይሄ አይገባውም» ተብለው ተመለሱ። ከዚያ ጠበል ተወሰዱ። ትሄዳለህ ወይ ብሎ የጠየቃቸው የለም፤ እጃቸው ታስሮ ሄደው እጃቸው ቆስሎ መጡ።

በ1941 ዓ.ም. አቶ ጀላል የሚባሉ የአጣና ነጋዴ ሥራ ሰጧቸው። ቀጭኑን አጣና ከወፍራሙ እየለዩ ይደረድሩ ነበር። አቶ ጀላል «መሸሻ» እንጂ ሌላ ብለው ጠርተዋቸው አያውቁም። ስማቸውን ሲሰሙ ፊታቸው እንዴት እንደሚበራ ያላየ የለም፤ አይቶ አቶ ጀላልን የተከተለ ግን ከእህታቸው በቀር አልተገኘም።

ትዳር አልመሠረቱም። አልፈለጉም እንዳይባል ግን አደራ! አልማዜ የምትባል ሽንኩርት ቸርቻሪ ወደው ነበር፤ እሷም አልጠላቻቸውም። ሽማግሌ የሚሆንላቸው ጠፋ። ወንድማቸው አቶ ተክለሃይማኖት «የሰው መሳቂያ አታድርገን» አሉ። አቶ ጀላል ብቻቸውን ሄዱ፤ ብቻውን የመጣ ሽማግሌ አይቆጠርምና ከደጅ ተመለሱ። አልማዜ በዓመቱ ለሌላ ተዳረች። አቶ መሸሻ ሠርጓ ላይ ውሃ ሲቀዱ ዋሉ።

በሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ የእድሩን ድንኳን ተሸክመው የሚያመጡት፣ ካስማውን የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ማለዳ ጥሩምባ ነፊው «አቶ እገሌ አርፈዋል» እያለ ሲለፍፍ፣ በራፍ ላይ ቆመው ቃል በቃል ይደግሙት ነበር። በ1957 ዓ.ም. እናታቸው ሲያርፉ ከወንድማቸው አጠገብ፣ ከሐዘንተኛው ቦታ ቢቀመጡ፣ አንስተው ከልጆች ጋር አስቀመጧቸው። በገዛ እናታቸው ለቅሶ! አርባው እንደወጣ ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደው፣ «መሸሻ ዱባለ ብላችሁ አባል አድርጉኝ። ስሞት ጥሩምባው አቶ መሸሻ ይበል» አሉ።

ተሳቀ። የእድሩ ዳኛ አቶ ዳኛቸው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። የአቶ መሸሻን ጸጉር ደባብሰው፣ «ማሙሽዬ፣ አንተ እኮ ነፍስ አታውቅም። በወንድምህ ስም እንቀብርህ የለም እንዴ? ምን ጎደለህ?» ብለው ዳቦ አስያዟቸው። አቶ መሸሻ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ እየሄዱ ያንኑ ጠየቁ። ይህን የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ጥሩብርሃንም አብራ ሄዳ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። «ለእሱ ከፈቀድን ነገ ማን ይቀራል?» ተባለች። አቶ ተክለሃይማኖት ደግሞ «ተይው እቴ፣ ይረሳዋል» አሉ። አልረሱም። በ1961 ዓ.ም. አቶ ጀላል ሲሞቱ ሥራውም ቀረ፤ ከእህታቸው በቀር በስማቸው የሚጠራቸውም ጠፋ።

ባለፈው የካቲት ሳል ያዛቸው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ «የቱ ጋ ነው የሚያመው?» ተብላ የተጠየቀችው እህታቸው ነበረች። እሳቸው ደረታቸውን ይዘው «እዚህ ጋ። እኔን ጠይቁኝ እንጂ» ሲሉ ዞር ብሎ ያያቸው የለም። መድኃኒቱም አልሠራ ብሎ፣ ትናንት ሰኔ 17 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሦስተኛው ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ።

ዛሬ ማለዳ ጥሩምባ ነፊው መገርሳ፣ ለሰፈሩ አዲስ ነውና፣ የነገሩትን ለፈፈ። «በአቶ ተክለሃይማኖት ቤት ማሙሽ አርፏል!» አለ። የላይኛው መንደር ሰው ሕፃን የሞተ መስሎት፣ «ውይ፣ እናቱን ያጽናት» ብሎ ወደየሥራው ሄደ። ለሕፃን የእድር ድንኳን አይተከልምና ድንኳኑም እንደታጠፈ ቀረ። እህታቸው ነጠላዋን ጥላ ሮጣ መገርሳ ላይ ደረሰችበትና፣ «ባክህ፣ አቶ መሸሻ ዱባለ ብለህ ድገምልኝ» አለችው። አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ እንደገና ከነፋሁ እኮ ሌላ ሰው ሞተ ይላሉ» አላት። ምን ይበል? እውነቱን ነው።

ስለዚህ ይህ ታሪክ የሚነበበው በካፊያ ውስጥ ለቆማችሁት ለእናንተ ለጥቂቶቹ ነው። ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

አቶ መሸሻ ወንድማቸውን አቶ ተክለሃይማኖት ዱባለንና እህታቸውን ጥሩብርሃን ዱባለን ትተው አልፈዋል። በስማቸው የሚጠራ ልጅ የላቸውም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ይቀበል። የኋለኛዋ ቀን መለከት ስትነፋ እንኳ አቶ መሸሻ ዱባለ ብላ ትጥራቸው፤ የእኛዋስ አንዴ ተነፍታለች።