የኩሮሳዳ የመጨረሻ ተጫዋቾች

ሶዶ፣ ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ የልጅ ልጄ፣

ሳሮ ነሽ ወይ፣ ሰላም ነሽ ወይ? የአዳማ ሙቀት አቀለጠሽ ወይስ ገና የሚቀልጥ ነገር ተርፎሻል? እኔ ከጉልበቴ፣ ከሁለት ጥርሴና ከጎረቤታችን ራዲዮ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጌታ ይመስገን፣ ዓይኔ ያያል፣ እጄም እንደምታዪው አይንቀጠቀጥም። ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን ሆነ ብለሽ እንደምትደነግጪ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ወረቀት የሚያበላሽ ሰው ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ አርጅቷል። የኔን አንቺ ምረጪ።

ባለፈው በስልክ ስለ ኩሮሳዳ ጠየቅሽኝ። ለመሥሪያ ቤቴ ወጣቶች ስለ ድሮ የጨዋታ ማሽኖች ንግግር ላደርግ ነው፣ ስለዚህ የጃፓን ኩባንያ ኢንተርኔት ላይ ብፈልግ ከአንድ አንቀጽ በላይ አጣሁ፣ አባባ አንተ ግን ታውቀው ነበር አይደል አልሽኝ። እኔም መስመሩ ተቆራረጠ ብዬ ዘጋሁብሽ። መስመሩ አልተቆራረጠም ነበር። ሠላሳ ዓመት ለማንም ያልነገርኩት ነገር ሆኖብኝ ነው፤ ደግሞም በዚያው ሳምንት አንድ ነገር ደርሶብኝ ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ። መጨረሻውን ቀድመሽ የማንበብ አመል አለብሽና ዛሬ እንኳ በተራ አንብቢ።

የኩሮሳዳን የጨዋታ ማሽን ሶዶ ያመጣው አቶ ወልደመስቀል ነው፤ መናኸሪያው አጠገብ የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ የነበረው፣ ኮፍያውን ሁልጊዜ ወደ ግራ አዘንብሎ የሚያደርገው። ያገለገሉ ማቀዝቀዣዎች በጅቡቲ በኩል ሲያስመጣ አንድ ሌላ የእንጨት ሣጥን አብሮ መጣበት። ሲከፍተው ማቀዝቀዣ አይደለም። ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ከመስታወቱ ሥር አንድ እጀታና ሁለት ቀይ ቁልፍ። ወልደመስቀል ኤሌክትሪክ ይፈራ ነበር፤ የቤቱን መብራት እንኳ የምታበራለት ሚስቱ ናት። ስለዚህ ማሽኑን ከሱቁ ጓዳ አስተከለው እንጂ አንድ ቀን በእጁ ሳይነካው ኖረ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ጉም የለበሰ ወንዝ አለ። አንቺ ቀዛፊ ነሽ። በዚህ ዳር አሥር ትንንሽ ሰዎች ቆመው ይጠብቁሻል፤ አንድ በአንድ እያሳፈርሽ ወደ ማዶ ትወስጃቸዋለሽ። ማዶው አይታይም። ጀልባዋ ጉሙ ውስጥ ትገባለች፣ ባዶዋን ትመለሳለች፣ ነጥብ ይጨመርልሻል። ይኸው ነው። በዚህ ምን ደስ ይላል ትይኝ ይሆናል፤ የሶዶ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ ግን ከምሳ በኋላ እዚያ ጓዳ ውስጥ እየተጋፋ ይሰለፍ ነበር።

እኔ ያኔ ፖስታ ቤት ነበርኩ፤ የዕድራችንም ጸሐፊ ነበርኩ። ወልደመስቀል ከማሽኑ ጋር የመጣውን የእንግሊዝኛ ወረቀት አንብብልኝ ብሎ ያመጣልኝ ለዚህ ነው። ኩባንያውን የወደድኩት ከዚያ ወረቀት ነው። መሥራቹ ኦሳካ ውስጥ ከአንድ ትልቅ መደብር ጣሪያ ላይ፣ ሳንቲም ሲከተትባቸው የሚወዛወዙ የልጆች ፈረሶችን ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ከፈረሱ ወደ ጀልባ አሳቡን አዞረ፣ ጀልባዋም አበለጸገችው። ባለ ዘጠኝ ፎቅ ሕንፃ ሠራ። በአርባ አገር ማሽኑ ተተከለ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ ኩባንያው የተጫዋቾቹን ስም ይሰበስብ ነበር። ባለ ማሽኑ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የአሥር ጎበዝ ተጫዋቾች ስም በቅጽ ሞልቶ ይልካል፣ እነሱ በመጽሐፍ ያትሙታል፣ ለእያንዳንዱም ሰው በስሙ የሰላምታ ካርድ ይልኩለታል። መጀመሪያ የደረሰን መጽሐፍ ከምስባኩ ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ ያህል ወፍራም ነበር።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ስማችሁን ስጡኝ ብዬ ተጫዋቾቹን ብለምን አንድም እሺ ያለኝ የለም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ያንን ማሽን በደህና ዓይን አያዩትም ነበርና ሁሉም ፈራ። ከሁሉ የሚበልጠው ተጫዋች መዘምራኑን የሚመራው መምህር አማረ ነበር። ስሜን ከላክኸው በሚቀጥለው እሑድ ከኋላ ወንበር ያስቀምጡኛል አለኝ። ጃፓን ውስጥ ማን ሽማግሌ አለህ ስለው፣ ወረቀት ይዞራል፣ አንተ ፖስተኛ ሆነህ ይህን አታውቅም ወይ ብሎ ተቆጣኝ።

ፖስታ ቤት ያረጀ ሰው ደግሞ ባዶ መስመር አያስችለውም። ጠረጴዛዬ ላይ የዕድሩ መዝገብ ተዘርግቶ ነበር። ከሟቾች ዝርዝር አሥር ስም ገለበጥኩ። እነሱ ሽማግሌ አይፈሩም፣ አይከሱኝም። የመጀመሪያው ሥጋ ሻጩ ዳና ነበር፤ በሕይወቱ ካርታ እንኳ ይዞ የማያውቅ ሰው። ነጥብም ሰጠኋቸው። ዳናን ሦስተኛ አደረግኩት፤ ሥጋ ሲመዝን ያጎድል ስለነበር አንደኝነት አይገባውም ብዬ። ብቻዬን እስኪያስለኝ ሳቅሁ።

መልሱ የሚመጣው በዕድሩ የፖስታ ሣጥን ነበር፤ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ ሰሞን አሥር ካርድ መጣ። አሥሩም ላይ ጉም፣ ወንዝ፣ ጀልባ። ከእኛ ጋር ስለተጫወቱ እናመሰግናለን፤ እንደገና እንጠብቅዎታለን ይላል። መዝገቡ ውስጥ ሸጎጥኳቸውና በየዓመቱ ያንኑ ማድረግ ቀጠልኩ።

በስድስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ካርድ መጣ። አሥራ አንደኛው የወልደመስቀል ነው። እኔ አልላክሁትም። ወስጄ ሰጠሁትና ጃፓኖች ጀግንነትህን ሰምተዋል ብዬ አሾፍኩበት። እሱም ሳልጫወት ካሸነፍኩ ብጫወትማ ምን ልሆን ነው አለና ካርዱን ደረት ኪሱ ከተተው። በሳምንቱ ቀበርነው። ከቀብር መልስ ማሽኑን ላጥፋ ብዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። የዚያን ቀን በከተማው ሁሉ መብራት አልነበረም። ማሽኑ ግን በርቷል። ወንዙ ዳር የቆሙትን ሰዎች ቆጠርኳቸው፤ አሥራ አንድ ሆነዋል። የመጨረሻው ኮፍያው ወደ ግራ ያዘነበለ ነው። ዓይኔ ነው ብዬ በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ከዚያ ኩባንያው መውደቅ ጀመረ። ሰው ጨዋታውን በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ አገኘ፣ ቀጥሎም በእጁ መዳፍ ላይ። መጽሐፉ በየዓመቱ እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ቀለሙ ጠፋ፣ ቀጥሎ ጠንካራው ሽፋን፣ ቀጥሎ የሕንፃው ፎቶግራፍ። አገሮቹም አንድ በአንድ ወጡ። ግሪክ ወጣ፣ ብራዚል ወጣ፣ በመጨረሻ ጃፓን ራሷ ወጣች። የመጨረሻው መጽሐፍ አራት ገጽ ነበር። ስገልጠው ውስጡ የቀረው የሶዶ ዝርዝር ብቻ ነው። ሕያዋኑ ሁሉ ትተውት ሲሄዱ ታማኝ ሆነው የቀሩለት የእኔ ሙታን ናቸው። ከሥሩ መሥራቹ በእጁ ጽፎበታል፤ ኩባንያችን ተዘግቷል፣ እናንተ እስካላችሁ ድረስ ግን ማሻገራችንን አናቋርጥም ይላል። ልጄ፣ ይህን ሳነብ አልሳቅሁም።

ማሽኑን አንድ የቤሌ ከተማ ነጋዴ ወሰደው፤ ሆድ ዕቃውን አውጥቶ የልብስ ማስቀመጫ አደረገው። ካርዱ ግን አልቆመም። በየዓመቱ አንድ፣ በሕያው ሰው ስም፣ ይመጣል። ሃያ ስምንት ዓመት ፖስታ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ቴምብሩንና ማኅተሙን አይቼ ደብዳቤው በየት በየት እንደዞረ እነግርሻለሁ። እነዚህ ላይ ማኅተም የለም። ከአዲስ አበባ የመጣውን ከረጢት ራሴ ፈትቼ እዘረግፋለሁ፣ ውስጡ የለም፤ የዕድሩን ሣጥን ስከፍት ተቀምጦ ይጠብቀኛል። ደብዳቤ ለባለቤቱ ይደርሳል ብዬ የገባሁት ቃል ነበረብኝና አደረስኩ። መምህር አማረ ስሙን ሲያይ፣ አላልኩህም፣ ወረቀት ይዞራል ብሎ ሳቀብኝ። በአሥረኛው ቀን መዘምራኑ ያለ መሪ ዘመሩለት።

ከዚያ የአያትሽ ስም መጣ።

ያን ቀን ቃሌን በላሁ። ማኅተሜን አነሣሁና "ተቀባይ አልተገኘም፣ ለላኪ ይመለስ" የሚለውን መታሁበት። ተቀባይዋ እኮ ቤት ቁጭ ብላ ጎደሬ እየላጠች ታንጎራጉር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ኖረች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጫማህን አውልቅ፣ አፍህን ጥረግ ስትለኝ በልቤ በጨመርኩልሽ ዕድሜ ነው የምትቆጪኝ እላት ነበር። እስከ ጡረታዬ ድረስ የመጣውን ሁሉ መለስኩ። በእኔ ቦታ የተተካው ሰው ግን አያውቅም፤ የእሷ ካርድ ዳግም ሲመጣ ገበያ መንገድ ላይ አግኝቷት በእጇ ሰጣት። እንዴት እንደሄደች አንቺም ታስታውሻለሽ። ከቀሚሷ ኪስ የወጣውን የጀልባ ሥዕል፣ አባባ ምን ያምራል ብለሽ ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ።

አሁን ያልነገርኩሽን ልንገርሽ። በመጨረሻው መጽሐፍ ከሙታኑ መካከል የአንዲት ሕፃን ስም ነበረ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ቅጹን ስሞላ ጭኔ ላይ ተቀምጠሽ የኔንም ጻፍ አልሽኝ። እምቢ ብልሽ አለቀስሽ፤ ለቅሶሽ ደግሞ ዳሞታ ተራራ ላይ ይሰማ ነበር። ዝም በዪ ብዬ አሥረኛው መስመር ላይ ጻፍኩሽ። በሕይወት ሳለ በእኔ እጅ ለእነሱ የተጻፈ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ዘንድሮ ጊፋታን እንኳ ሳይጠብቅ፣ ከፖስታ ቤት አሳየሽ የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። ከዚያ ሰውዬ በኋላ አሁን በእኔ ወንበር የምትሠራው እሷ ናት፤ ሥራውንም ያስለመድኳት እኔ ነኝ። አባባ፣ በዕድሩ ሣጥን በልጅ ልጅዎ ስም ደብዳቤ አለ፣ ልደውልላት ወይ አለችኝ። እንዳትነኪው ብዬ ሮጥኩ። እኔ ስሮጥ ነዳጅ አልቆበት የሚገፋ ባጃጅ ይቀድመኛል፤ ቢሆንም ሮጥኩ። ማኅተሙን ተቀብዬ ለላኪ ይመለስ ብዬ መታሁበት። በአራተኛው ቀን ተመለሰ። እዚሁ ቅርባችን ወዳለችው በዴሳ የተላከ እንኳ በአራት ቀን ሄዶ አይመለስም። ማኅተሜ በቀይ ቀለም ተሰርዟል፤ ልክ እኔ በሥራ ዘመኔ እንደምሰርዘው፣ በማስመሪያ። እንደገና፣ አድራሻ ቀይራለች ብዬ ጽፌ ላክሁት። በማግሥቱ ሣጥኑ ውስጥ ነበር፤ ፖስታው ረጥቦ፣ የወንዝ ጭቃ እየሸተተ። ከስምሽ ሥር የአዳማ አድራሻሽ በሚያምር ፊደል ተጨምሮበታል፤ የምትሠሪበት ፎቅ ሳይቀር። የሪኮማንዴ ወረቀትም ተያይዞበታል።

ሪኮማንዴ ያለ ፊርማ አይሰጥም። አሳየሽ ደንቡን አነበበችልኝ፣ እኔው ያስተማርኳትን። እዚህ ካልተፈረመበት ወደ አዲሱ አድራሻ ይቀጥላል። ባለቤቱ ወይም ከአንድ ቤት የሆነ ዘመድ ከፈረመለት ግን ደረሰ ይባላል፣ ከዚያ ወዲያ የትም አይሄድም። እንዲህ ከሆነማ ምን ያስቸግራል አልኳት። ብዕር አዋሰችኝ። አባባ ፊርማዎ እንዴት ያምራል አለች። የአለንጋ ትምህርት ነው አልኳት፣ ሳቀች።

ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ያንቺ ስም የለበትም። መነጽሬን ጠርጌ ሦስት ጊዜ አየሁ፤ የለም። ደስታዬን በዚህ ወረቀት ልነግርሽ አልችልም። የተጻፈው ስም ግን ያስቀናል፤ እንዲህ አሳምሮ ስም የሚጽፍ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ።

ከዚያ ወዲህ ሰላም ነኝ። ከምሳ በኋላ ጋደም ስል የመቅዘፊያ ድምፅ እሰማለሁ፤ ዝግ ያለ፣ የማይቸኩል፣ እንደ አያትሽ አረማመድ። አያስፈራም። የዕድሩን መዝገብ ለአሳየሽ አስረክቤያለሁ። የዕድሩ ሰዎች ምን አስቸኮለዎት ቢሉኝ፣ ጸሐፊ ሆኜ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንንም አላስቸኮልኩም፣ አሁን እኔን አታስቸኩሉኝ አልኳቸው።

ለጊፋታ እመጣለሁ ብለሻል፤ ነይ። ሰው ቀድሞ ቢደውልልሽም በጥድፊያ እንዳትሳፈሪ፣ ቁርስሽን በልተሽ ተነሺ። ቤቱን ሰው ሞልቶት ብታገኚው አትደንግጪ፤ ወንበሩም ድንኳኑም ከዕድሩ ነው፣ አንቺ ምንም አትልፊ። ያ ዓይናፋር መሐንዲስ አብሮሽ ቢመጣ ደግሞ ደስ ይለኛል፤ አባባ ሊያሾፍብህ ነው ብለሽ እንዳታስፈራሪው።

አንድ ነገር ብቻ እሺ በዪኝ። ንግግርሽን አድርጊ፤ ስለ ፈረሶቹም፣ ስለ ዘጠኙ ፎቅም ንገሪያቸው። ነገር ግን ማንኛውም ጨዋታ፣ በስልክም ቢሆን፣ ስምሽን ጻፊ ሲልሽ ያንቺን አትጻፊ። የእኔን ጻፊ። ከእንግዲህ ምንም አይለኝም።

ጌታ ዕድሜሽን ያርዝመው፣ የምትወልጃቸውን ልጆች አርጅተሽ ቁጠሪያቸው፣ መንገድሽን ሁሉ በደረቅ መሬት ያድርግልሽ።

ስታለቅሺ እሺ ከማለት ሌላ የማያውቀው፣
አያትሽ