የማይለቅ እጅ

ጥቅምት 29
ለማንም ያልነገርኩት... ባሌ ላቀው የሞተው እጄን ይዞ አይደለም።
የዛሬው ወሬ ግን ሌላ ነው። ድንች ስልጥ ግራ እጄ አንዱን ጨብጦ አለቅም አለ። ጣቶቹን በቀኜ አንድ በአንድ ፈለቀቅኳቸው። ድካም ይሆን?

ኅዳር 12
ምን ዓይነት ውርደት ነው! ቄስ ቴዎፍሎስ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግራ እጄ ከነጠላዬ ሥር ወጥቶ መስቀሉን ያዘ። እኔ አላዘዝኩትም። "ልቀቂ እንጂ፣ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። ቢጎትቱም እምቢ። ከኋላ አንዷ፣ "ቤቷ ልትወስደው ነው እንዴ?" አለች። ሳቁ። እጄን በጥርሴ ነክሼ አስለቀቅኩት። ሰው ሁሉ እያየ...

ኅዳር 15
የላቀው እኅት ታንጉት ሰምታ ከዳባት መጣች። እንደ ልማዷ መጀመሪያ ግራ እጄን ሳመች። ላቀው ካረፈ ጀምሮ አሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ ናት። "ወንድሜን ይዞ የሸኘ እጅ!" ትላለች። እንዲያ ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እጄ ጨብጧት ቀረ።
"አይ እቴ፣ ይህን ያህል ናፍቄሻለሁ?" ብላ ሳቀች። ቀና ብዬ አላየኋትም።

ኅዳር 19
ጸበል ወሰደችኝ። አጥማቂው እጄን በመቁጠሪያ እየመቱ፣ "ማን ነህ? ለምን ያዝካት? ተናገር!"
ታንጉት ታለቅሳለች። "የተባረከ እጅ ስለሆነ ቀንተውበት ነው፣ አባቴ።"
ያኔ እውነቱን ብናገር መንፈሱ ነው የለፈለፈው ይሉልኝ ነበር። ያንን እንኳ አልደፈርኩም።

ኅዳር 27
ጎንደር። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። "እማማ፣ እርግማን አይደለም። ጭንቅላትዎ ውስጥ ትንሽ ደም ፈሷል። እጅዎ ሳያዙት የሚሠራው ለዚያ ነው። ብዙ ሰው ላይ አናየውም።"
ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ቅጣት ቢሆን ተቀጣሁ እል ነበር። በሽታ ከሆነ ግን... ገና አልተቀጣሁም ማለት ነው?

ታኅሣሥ 3
ልጻፈው። ላቀው ሳንባውን ታሞ ደም ይተፋ ነበር። "እጄን ያዥኝ" አለኝ። ያዝኩት። ሲስል ፈራሁ። ይተላለፍብኛል ብዬ ግራ እጄን መነጨቅኩ። "ገብሱን አይቼ ልምጣ" ብዬ ወጣሁ። ገብሱ ከታጨደ ሳምንት አልፎታል። እሱም ያውቃል። ስመለስ እጁ እንደተዘረጋ ቀርቷል።

ታኅሣሥ 5
ታንጉት ደወለች። ለሙት ዓመቱ እሑድ ትመጣለች። ነይ አልኳት።
ይህ ደብተር ለእሷ ነው። ማንበብ አትችልም። እኔም ፊደል የለቀምኩት ከጎረቤት ልጆች ደብተር ነው፤ ቀስ እያልኩ አነባለሁ። ለሌላ ሰው ሰጥቼ አላስነብባትም። በር ላይ ስትደርስ ግራ እጄን ወደ ኋላዬ አደርጋለሁ፣ እሺ ካለኝ። ሳትስመው በፊት እኔው አነብላታለሁ።