የወርሰሜ ድንኳን

ይድረስ ባይደዋ ላለኸው ልጄ፤

ጤናህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ጋብ አለልህ? ወንድምህ ወርሰሜስ ቁስሉ ሻረለት? እኔ ጊዮርጊስ ይመስገን አለሁ።

ባለፈው ስትደውል ከኋላ የሚሰማው ጫጫታ ምንድን ነው ብለህ አባትህን ብትጠይቀው፣ ማኅበር ነው ያለህ ውሸቱን ነው። ለቅሶ ነበር። ያውም የወርሰሜ ለቅሶ!

ጥፋቱ ያንተ ነው። ከዚያ በፊት ደውለህ ወርሰሜ ትንሽ ቆስሏል፣ አይዟችሁ አልከን። እኛ አገር “ትንሽ አሞታል” የተባለ ሰው መቼ በሕይወት ተገኝቶ ያውቃል? መርዶ እንደዚያ አይደል የሚነገር! አባትህ ስልኩን አስቀምጦ ጋቢውን አዘቅዝቆ ለበሰ።

ያ ካራማራ ላይ የሶማሌ ጥይት እግሩን ያሰናከለው፣ በቤታችን የሶማሌን ስም አስነስቶ የማያውቅ ሰው! አምና ከአንድ ምሽግ ሆናችሁ ስትዋጉ ቆስለህ ወርሰሜ ተሸክሞ ካወጣህ ወዲህ ግን፣ የጠላቴ ልጅ ልጄን አተረፈልኝ እያለ ለመንገደኛው ሁሉ ሲያወራ ነው የከረመው። የእድራችን ዳኛ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ድንኳን የሚወጣው ለአባል ቤተሰብ እንጂ ለሶማሌ ወታደር አይደለም ብሎ ቢያንገራግር፣ አባትህ “ልጄን የተሸከመ ልጄ ነው። ድንኳኑን አምጡ” አለው። ድንኳኑም ተተከለ!

ለሙስሊም እንዴት እንደሚለቀስ ስለማናውቅ፣ በዚያ እግሩ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሞጣ ድረስ ሄደ። ነጋዴውን ከሊፋን ከነቤተሰቡ ይዞት መጣ። እነሱ ዱዓ ሲያደርጉ፣ እኛ ስናለቅስ፣ አንተ ደወልክ።

ወርሰሜ ስልኩን ተቀብሎህ በዚያች ባስተማርከው አማርኛ “አባ፣ ደህና ነኝ” ሲለው፣ አባትህ ድንኳኑ መሀል ቆሞ እንባው እየወረደ ምን አለው መሰለህ?

“እንዳትቀድመኝ ልጄ። ተራው የኔ ነው።”

ከሊፋ በሳቅ ወደቀ። ለቅሶተኛው ሁሉ ሲበላና ሲስቅ ዋለ። እኔም ያን ቀን እንዲህ ያለ ባል ስለሰጠኝ ፈጣሪዬን አመሰገንኩ፤ ፊት ለፊት ግን አልነገርኩትም።

ይህን ሁሉ በስልክ ላጫውትህ ነበር፤ ድምፄ እምቢ አለኝ። ልጄ፣ አባትህን ትንሽ አሞታል። ፈቃድ ጠይቀህ ና። ወርሰሜም ከቻለ አብሮህ ይምጣ፤ እሱም ልጅ ነው። ለኔ አታስብ፣ ሰው ከቤቴ አልጠፋም፤ ከሊፋም ከነቤተሰቡ ከሞጣ ዳግመኛ መጥቷል።

የተሸካከማችሁበትን ትከሻ ጊዮርጊስ ያጽናላችሁ።

እናትህ