«ግቢ» ያልኩሽ ለት

ከገላባት አጠገብ፣ ጥር ፱ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ብትቆጣኝም ለምወዳት ባለቤቴ ለአየሁሽ፤

አስቀድሜ ደኅንነትሽን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ግን ነጋዴው ሽኩር ትናንት ከአርበኞች ሰፈራችሁ ተመልሶ የነገረኝ ነገር አላስቀምጥ ስላለኝ ከእሱ ልጀምር። ጠጉርሽን ተላጭተሽ፣ «ባሌ በቁስሉ ሞቷል፤ በሣጥን እየጮኸ ግቢ የሚለኝ ለጣሊያን የገባ ሌላ ሰው ነው» ብለሽ ለቅሶ ተቀምጠሻል አሉ። ኧረ አንቺ ሴት! በቁሜ? አገሬ ነጻ ሳትወጣ ምላጭ አይነካኝም ብለሽ ያሳደግሽውን ጎፈሬ በእኔ የተነሣ? ስሰማው አለቀስኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩብሽ፤ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ።

ዲያቆን ፈረደ፣ ደብዳቤውን የምታነብላት አንተ ነህና ጓደኞቿ እስኪሰበሰቡ ጠብቀህ ጮክ ብለህ አንብበው። ሁሉም ይስማው።

እኔ አልገባሁም። ያለሁት ቆስዬ አንቺው አዝለሽ ካሻገርሽኝ ከሱዳን በኩል፣ ከእንግሊዞቹ ጋር ነው። የተሰጠኝ ሥራ ለጣሊያን ያደሩትን የአገራችንን ልጆች በድምፅ ማጉያ «ከድታችሁ ኑ» እያሉ መጥራት ነው። ከንግግሩ በፊት ሰው ጆሮውን እንዲሰጥ አርሞኒካ እነፋለሁ፤ በከንፈር የሚነፋ፣ መዳፍ የማይሞላ ነገር ነው። ያስተማረኝ ማሽኑን የሚጠግነው ሱዳናዊ ሷሊህ ነው። እሱም ፖርት ሱዳን ወደብ ሲሠራ ከጥቁር አሜሪካውያን መርከበኞች ነው የተማረው። ትንፋሽሽን ወደ ውስጥ እየሳብሽ ድምፁን ታጎብጪዋለሽ፤ ሊያለቅስ ብሎ እንደተወው ሰው ይሆናል። እዚህ አማርኛ የማወራው ሰው የለኝም። ሷሊህ የሚያውቀው «ውሃ» እና «ቆይ» ብቻ ነው፤ የእኔም ዐረብኛ ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እንነፋለን።

ማጉያው ሁለት ነበር። አንዱ ትልቅና አዲስ ነው፤ ለንግግር የሚተካከለው የለም፤ አለቃችን እንግሊዛዊው ሻለቃም የሚወደው እሱን ነው። አርሞኒካ ስነፋበት ግን ድምፄን ቆርቆሮ አደረገው፣ ጆሮ ውስጥ የገባ ትንኝ ይመስላል። ሌላው ትንሽና አሮጌ ነው፤ ክዳኑ ወልቆ የመስታወት አምፖሎቹ ይታያሉ። እነሱ እስኪግሉ መታገሥ ነው። ከጋሉ በኋላ ማይክሮፎኑን ከአርሞኒካው ጋር በሁለት መዳፌ አፍኜ ስነፋ ድምፁ ይወፍራል፤ ጠበቅ አድርጌ ስተነፍስ ደግሞ ሻከር ብሎ ደረት ውስጥ ይገባል። ሷሊህ የቀጭኑን ድምፅ ቁልፍ ወደ ታች መለሰው። ከፍ ስናደርገው ሣጥኑ እሪ አለና የሻለቃው በቅሎ ገመዷን በጥሳ ነጎደች። ለካ ድምፁ የሚወጣበት የጡሩምባው አፍ ወደ እኔ ዞሮ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ኖሯል። ጀርባውን ሰጥተን ራቅ ስናደርገው ልብ ገዛ። «ይኸኛው ነው!» አልኩ። ሻለቃው በአስተርጓሚ «ደካማ ነው፣ ሩቅ አይሰማም» አለኝ። «ካልተሰማ እናስጠጋዋለን» አልኩት። ወይ ጉዴ፣ ምን አናገረኝ!

ሣጥኑን በአህያ ጭነን ከመተማ ምሽግ ሥር እስካለው ደረቅ ወንዝ ድረስ አስጠጋነው። በእናንተ በኩል ሆኖ ለሚሰማ ድምፁ ከራሱ ከጣሊያን ምሽግ የሚወጣ ይመስላል፤ ይህን ማን አሰበው? ነፋሁ። የታዘዝኩትንም ተናገርኩ። ከዚያ ያ ዜማ ሆዴን አባብቶት ኖሮ ማንም ሳያዘኝ «አየሁሽ፣ ያረጋል ነኝ። በቃሽ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ» አልኩ።

ግቢ! ጣሊያን በወረቀትም በሽማግሌም «ግቡ፣ ምሕረት አለ» እያለ ይህን ቃል ስንት ዓመት ሲያረክሰው ኖረ። የገባ ሰው ስሙ ምን እንደሆነ አንቺም እኔም እናውቃለን። እኔ ያልኩሽ ግን የቤታችንን «ግቢ» ነው፤ ከሰሊጡ ማሳ ስታመሺብኝ ደጃፍ ቆሜ እየተነጫነጭኩ የምልሽን። አፌን ቁርጥ ያርገው።

አሁን መናገሩን ለሌላ ሰው ሰጥተውታል፤ እኔ መንፋት ብቻ ነው። ከማዶ የሚመልስ የለም። አንዳንዴ በእናንተ በኩል ውሻ ይጮሃል፤ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ እሱንም ደስ ብሎኝ አዳምጣለሁ።

ፈረደ፣ ለእነሱ ይህ ይበቃል። የቀረውን ለብቻዋ አንብብላት።

አየሁሽዬ፣ ሽኩርን «በሕይወት ካለ ምነው ይህን አጭር መንገድ መጥቶ ፊቱን አያሳየኝም?» ብለሽው ዝም አለሽ አሉ። ዝም ያለሽ አስምዬው ነው። አንቺ ከተመለስሽ በኋላ ቁስሉ መግል ያዘና ገዳሪፍ ሐኪም ቤት እግሬን ከጉልበቴ በላይ ቆረጡት። ብነግርሽ ጠብመንጃሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ነግሬሽም ባትመጪስ ብዬ ደግሞ ፈራሁ። ይኸኛው ነው የባሰኝ።

ይኸው ነገርኩሽ። መምጣትና መቅረቱን አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከለቅሶው ግን ተነሽ።

ጥይት ይሳትሽ። የቆላ ንዳድ ደጅሽን አይርገጥ። ጊዮርጊስ ከፊትሽ ይቅደም።

ያልሞተው፣ ያልገባው ባልሽ፣
ያረጋል