የእታፈራሁ ዋስ

መቱ፣ ኅዳር 12 ቀን 1931 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

የጤናዎን ነገር መጠየቅ ይቀድም ነበር፤ ግን ጠባይዎን ስለማውቀው መጀመሪያ ሊሰሙት የሚፈልጉትን ልንገርዎ። በቅሎዎቹ ተገኝተዋል። አምስቱም። ቡናውም አንዲት ፍሬ ሳትረጥብ መጋዘን ገብቷል። እንግዲህ ልብዎ ይረፍና፣ ጤናዎ እንዴት ነው? አክስቴ ሙሉካስ ደኅና ናቸው? የኡካ ብርድ ወገብዎን አልነካብዎትም?

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ «ይምጡ ብለህ ብቻ ጻፍ፤ ምን ያስረዝምሃል?» ትለኛለች። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ እንደማይመጡ አውቃለሁ። ከቤት የወጡት በእኔ አፍ ምክንያት ነው። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርዎ፤ ያላወቁት ብዙ አለ።

አብደታ የሄደ ዕለት ትዝ ይልዎታል። አባቱ ጋሼ ዲንቃ ሃያ ዓመት ሙሉ በቅሎዎቻችንን ነድተው ጉልበታቸው ሲደክም፣ ልጃቸው እንደሚተካቸው አንዳችንም አልተጠራጠርንም ነበር። እሱ ግን ጣሊያኖቹ ለመንገድ ሥራ ሰው ሲመዘግቡ ሄዶ ተመዘገበ። ቁጥር የተመታበት ቆርቆሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሊሰናበትዎ ሲመጣ ከራስ እስከ እግሩ አዩት።

«አባትህን እዚህ ቤት ያስገባው የእኔ አባት ነው፤ እጁን ይዞ። አንተን ማን አስገባህ? ይህ ቆርቆሮ?»

«ጋሼ ሰማን፣ ሲመሽ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ቀኑን ብቻ ነው የሸጥኩላቸው» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ሰው እንደ ጎመን በቀን በቀን ይሸጣል? ያውም ለእነዚህ?»

«እነሱ ሲሄዱ መንገዱን ጠቅልለው አይወስዱትም» ብሎ መለሰልዎ። እርስዎ ተነስተው ገቡ። እኔ ግን በልቤ በአብደታ ቀናሁ። እርስዎን ባላፍር ኖሮ በማግስቱ ሄጄ እመዘገብ ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩዎትም። የቀናሁት በገንዘቡ አይደለም። አንድ ሰው የማን ልጅ መሆኑ ሳይጠየቅ አካፋ ተሰጥቶት «እስቲ ቆፍር» መባሉ ነው ደስ ያለኝ። እኔ የሰማን ልጅ ባልሆን ምን እንደምሆን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

በዚያው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ዝናቡ እንዳባራ እታፈራሁ ግቢያችን ገባች። የሰፋት የወታደር ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌውን እስከ ክርኗ ጠቅልላው ነበር። እርስዎ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ ዲንቃም ከአጠገብዎ ነበሩ።

«በቅሎ ነጂ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ» አለች።

«ባልሽን ላኪው» አሏት።

«ባሌ ማይጨው ላይ ቀርቷል። ነጂዋ እኔ ነኝ።»

ያኔ ፊትዎን ወደ እኔ አዞሩና፣ እሷ ሦስት እርምጃ ላይ ቆማ እየሰማች፣ «የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቃት። ዋሷስ ማነው?» አሉኝ።

እሷም ወደ እኔ ዞራ «እታፈራሁ እባላለሁ፤ አገሬ መንዝ ነው፤ እስከ ጎሬ የመጣሁት የጦሩን የስንቅ በቅሎ እየነዳሁ ነው በላቸው» አለች። «እዚህ አገር የሚያውቀኝ ሰው የለም። በቅሎ ግን በሁለት ቀን ያውቀኛል።»

ይህን እንዳለች ቀጥ ብላ ወደ በቅሎዋ ወደ ዳለቻ ሄደች። ዳለቻ በዚያ ሰሞን ሰው አታስጠጋም፤ ልትጫን ስትል ትናከስ ነበርና ክፉ ሆናለች ብለን ልንሸጣት እያሰብን ነበር። እታፈራሁ አንገቷን እያከከች ቀረበቻትና ከጭነቱ ሥር የሚነጠፈውን መደላድል ገለጠችው። በቅሎዋ ገጥባለች። ቁስሉ መዳፍ ያህላል።

«ይቺ ክፉ አይደለችም፤ አሟት ነው» አለች።

ጋሼ ዲንቃ ዱላቸውን ተደግፈው ተነሱ፤ አጎንብሰው አዩና «ዱጋ ዱበቴ፤ እውነቷን ነው» አሉ። እኔም አፌ ከእኔ ቀድሞ «ዋሷ እኔ ነኝ!» አለ።

«አንተ?» አሉኝ። «ለመሆኑ ላንተ ማን ዋስ ሆኖህ ነው ለሰው ዋስ የምትሆነው?»

እናቴ ከጓዳ ሳቋን ስትለቀው ተሰማ። እርስዎም ፈገግ ብለው ነበር፤ አይቻለሁ፤ አይካዱኝ። ቡናው ዳሪሙ ላይ ተከምሮ ስለነበር «ይሁን። ብትጠፋ ግን የምጠይቀው አንተን ነው» ብለው ፈቀዱ።

ሦስት ጊዜ ዳሪሙ ደርሳ ተመለሰች። ሦስቱንም ጊዜ ጭነቱ ደረቅ፣ በቅሎዎቹም ደኅና ነበሩ። እርስዎ ግን አንድም ቀን ራስዎ አላነጋገሯትም። «ጀላሉ፣ ገመዱን ላላ ታድርገው በላት» ይሉኛል። እሷ ገመዱን እያላላች «አላልቼዋለሁ በላቸው» ትለኛለች። ጎረቤቶቻችን ይህን ለመስማት በአጥራችን በኩል ማለፍ ልማድ አድርገውት እንደነበር ያውቃሉ?

በአራተኛው ጉዞ ቀረች። በሁለት ቀን ትመጣለች ያልናት ሴት በአራተኛውም በአምስተኛውም ቀን አልመጣችም። በስድስተኛው ቀን ጠዋት እርስዎ አልጮኹብኝም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። «ያልታወቀ ሰው አይቀጠርም ብዬ ነበር» ብቻ አሉ፤ ቀስ ብለው። እኔ ደግሞ በንዴት ያን ክፉ ቃል ተናገርኩ፦ «እርስዎ የሚቀጥሩት ሰውየውን ሳይሆን አባቱን ነው!»

«አዎ» አሉኝ። «አባቱን ካወቅሁ ልጁ የጠፋ ዕለት የማንን በር እንደማንኳኳ አውቃለሁ። አንተ ዛሬ የማንን በር ታንኳኳለህ?»

 እርስዎም በእግርዎ፣ ዱላዎን ብቻ ይዘው «ቤቱን በአዲሱ መንገድ አስተዳድረው» ብለው ኡካ ወደ አክስቴ ቤት ሄዱ። 

በማግስቱ ለፍለጋ ወጣሁ። ጋሼ ዲንቃ እምቢ ብላቸውም የአንድ ጎረቤት አህያ ተውሰው ተከተሉኝ። አሁን የምነግርዎ ነገር ያሳፍረኛል። ሰው ሁሉ ዋስ የሆንኩላትን ሴት ላድን የሄድኩ መስሎት ነበር። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ በሆዴ የምሰድባትን ስድብ ስደረድር ነው የሄድኩት። እርስዎ ልክ እንደሆኑ አምኜ ነበር። ከቤት የወጣሁትም ይቀመጡበት የነበረውን ባዶ በረንዳ ማየት ስላቃተኝ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ዳሪሙ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የመንገድ ሠራተኞቹ ድንጋይ ያወጣሉ። አብደታ እኛን ሲያይ መዶሻውን ጥሎ ወደ እኛ ሮጠ።

«ሴትዮዋን አገኛችኋት?» አለ ገና ሰላም ሳይለን።

«አንተ ምን አውቀህ?» አሉት አባቱ።

አብደታ የነገረንን እንዳለ ልጻፍልዎ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሠራተኞቹን ማታም ወደ ቤት ስላልለቀቋቸው ቀድሞ ሊነግረን አልቻለም። እታፈራሁ ቡናውን ጭና በመጣችበት ቀን ወታደሮች ከወንዙ መሻገሪያ ቆመው ያገኙትን በቅሎ ሁሉ ለድንጋይ ማጓጓዣ ይነጥቁ ነበር። አብደታ ከላይ ሆኖ ድንጋይ ሲፈልጥ የእኛን ዳለቻ ከሩቅ አወቃት። እንዳይጮህ አለቃው አጠገቡ ነው። ሠራተኞቹ እየዘፈኑ ነበር፤ እሱም ዘፈኑን ተቀበለና ግጥሙን ቀየረው። «ባለ ጋንጌ ዴቢኢ፣ ከወንዙ ያሉት እንግዶች ሙሽራ ሊቀበሉ አይደለም የቆሙት» እያለ በኦሮምኛ አቀነቀነ። ጓደኞቹም ገባቸውና ተቀብለው ዳገቱን አስተጋቡት። አለቃው ሥራው የጦፈ መስሎት ደስ ብሎት ያጨበጭብ ነበር አሉ።

እታፈራሁ ያን ጊዜ የምታውቀው ኦሮምኛ ከአሥር ቃል አይበልጥም። ከአሥሩ ሁለቱ ግን «ጋንጌ» እና «ዴቢኢ» ነበሩ፤ በቅሎና ተመለሽ። በቅሎዎቹን አዙራ ወደ ጫካው ገባች።

ጋሼ ዲንቃ ይህን ሲሰሙ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው አንገቱ ላይ ከተንጠለጠለው ቆርቆሮ አቧራውን ጠረጉለት። 

አባቴ፣ ይህን ነገር ብዙ አስቤበታለሁ። አብደታ ቀኑን ሸጦ እዚያ ባይቆም ኖሮ በቅሎዎቻችንን የሚያድን አልነበረም። ግን ደግሞ የጋሼ ዲንቃ ልጅ ባይሆን፣ በእርስዎ ቤት ባያድግ፣ ዳለቻን ከሩቅ የሚያውቃት ከየት ይመጣ ነበር? እኔና እርስዎ የተጣላንበትን ነገር እሱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞታል። የቱ ይበልጣል ቢሉኝ መፍረድ አልችልም። እርስዎ ይፍረዱ።

ሰፊ ካፖርት የለበሰች ሴት እያልን በየመንደሩ ጠይቀን፣ በሦስተኛው ቀን ከዳሪሙ በላይ፣ ደበሳ የሚባል ገበሬ ቤት ደረስን። በቅሎዎቹ ከቡናው ጫካ ውስጥ፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር ቆመው ሣር ይበላሉ። ጭነቱ ከጎተራው ሥር በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድሮ በኮባ ቅጠል ተሸፍኗል። እታፈራሁን ግን ያገኘናት ቡና ለቀማ ላይ ነው። የደበሳ ቤት ደቦ ጠርቶ ነበርና ከአሥር ሴቶች መካከል ቆማ፣ በዚያች በተሰባበረች ኦሮምኛዋ ስታስቃቸው ሰማን። ለበቅሎዎቹ ሣርና ለእሷ ማደሪያ በእጇ ሥራ እየከፈለች ነበር የምትኖረው።

እኔ ስድቤን ሁሉ ረስቼ አፌን ከፍቼ ስቆም እሷ ቀደመችኝ።

«ዘጠኝ ቀን!» አለችኝ ቅርጫቷን አስቀምጣ። «ዋሷ ነኝ ያልከው ሰውዬ፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የት ነበርክ?»

«ለምን አልላክሽብንም?» አልኳት።

«ምን ብዬ ልላክ? የሰማን አምስት በቅሎዎች እዚህ ተደብቀዋል እያልኩ ለመንገደኛው ሁሉ ላውራ?»

ጋሼ ዲንቃ አህያዋ ላይ እንዳሉ ሳቃቸው መጣ፤ ሳል እስኪያፍናቸው ድረስ ሳቁ። ሴቶቹም ነገሩ ሳይገባቸው አብረው ሳቁ። እኔ ወደ ዳለቻ ሄድኩና መደላድሉን ገለጥኩ። ቁስሉ ደርቆ ጠጉር ማብቀል ጀምሯል። እጄን ጀርባዋ ላይ ሳሳርፍ አልተናከሰችም። አባቴ፣ እንባዬ የመጣው እዚያ ላይ ነው።

ወታደሮቹ የሚበቃቸውን ይዘው ወደ ጎሬ መሄዳቸውን አብደታ ላከብን፤ ትናንት በጠራራ ፀሐይ አምስቱንም እየነዳን መቱ ገባን። እናቴ እልል ስትል የሰፈሩ ሰው ሠርግ ያለ መስሎት ተሰበሰበ።

እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ እታፈራሁን «ከዛሬ ጀምሮ የቤቱ በቅሎ ነጂ አንቺ ነሽ» አልኳት። እንዲህ ባለ ዋና ነገር ላይ የመጨረሻውን ቃል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እሷ ግን ካፖርቷን እያራገፈች «አይሆንም» አለች።

«ለምን?»

«አንተ ደግ ልጅ ነህ። ግን ዋስ እፈልጋለሁ።»

«ዋስሽማ እኔ ነኝ!»

«የእኔን ዋስ አይደለም የምልህ። የእናንተን ነው። በዘመቻው አንድ አለቃ ‹አይዞሽ፣ ከእኛ አትለይም› ብሎኝ ነበር። ጎሬ ላይ ሲጨንቀው በቅሎውን ይዞ ሄደ፤ እኔን ተወኝ። ሠራተኛው ቢጠፋ የሚጠየቅ ካለ፣ ቀጣሪውስ ቢጠፋ ማን ይጠየቅልኛል? ብታመም አንተ እንደማታስወጣኝ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ጋሼ ዲንቃን አየሁ። እሳቸው ወደ ሌላ ዞሩ። «ማንን ብንጠራልሽ ይበቃሻል?» አልኳት።

«አባትህን» አለች ሳታመነታ። «እሳቸው ቶሎ ዋስ የሚሆኑ ሰው አይደሉም። አንድ ጊዜ ከሆኑ ግን ቃላቸውን አያጥፉም።»

እንግዲህ አባቴ፣ ይህ ደብዳቤ ይቅርታም ልመናም ነው። ያን ቃል በመናገሬ ይቅር ይበሉኝ። ያልኩት ሐሰት ስለሆነ አይደለም፤ አባቱን ማወቅ ምን እንደሚጠቅም ሳላውቅ ስለተናገርኩት ነው። በዚያ መንገድ ላይ የማንኳኳው በር ፈልጌ አጥቻለሁ። ልመናዬም ለልጅዎ ዋስ እንዲሆኑኝ ነው። እንደማላሳፍርዎ ቃል እገባለሁ። ሰው ስቀጥር አባቱንም እጠይቃለሁ፤ አባቱን የሚያውቅ ከሌለ ግን ከደጅ አልመልሰውም፤ ሥራውን አያለሁ። በዚህ ላይ ቢቆጡኝ እዚሁ በረንዳዎ ላይ ሆነው ይቆጡኝ።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል። ደብዳቤውን በር ላይ ለአክስቴ የሰጠችው ሴት እታፈራሁ ናት። አክስቴ «ግቢ» ቢሏትም «ባለቤቱ ካልጠሩኝ» ብላ ከአጥሩ ውጭ እንደምትቆም አውቃለሁ። ዳለቻ ላይ ለእርስዎ ኮርቻ ጭናባታለች፤ እሷ ግን ከማለዳ ጀምሮ የመጣችው በእግሯ ነው። እባክዎ ብዙ አያቁሟት።

ዋስነትዎን የሚጠብቅ ልጅዎ፣
ጀላሉ ሰማን