በነሐሴ የተሻገረው ነጋዴ

የካቲት 3፣ ማክሰኞ፣ ረፋድ
ምዕ. 7ን ደግሜ አነበብሁ። በማጉያም ፊደላቱ ይዋኛሉ። የዓይኔ ሞራ ወፍሯል። ደሴ ያለው ሐኪም ለመጪው ማክሰኞ ቀጥሮኛል፤ አልሄድም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለሳምንታት ንባብም ጽሕፈትም ክልክል ነው አለ። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ዘጠኝ ዓመት የለፋሁበት ልብ ወለድ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ቀርቶታል። ዓይኔ ከጠፋስ? መጀመሪያ መጽሐፉ።
ጀግናዬ አስናቀ፣ የጥንት ጨው ነጋዴ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ዓባይን ይሻገራል። ጎጃም ያለች እናቱ በጠና ታማለች። ከጻፍሁት ሁሉ የምወደው ምዕራፍ።

የካቲት 5፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት
ከላላ ከተማ ደርሼ ተመለስሁ። መንገዱ ወገቤን ቆረጠኝ። ጋሼ ይማምን አገኘሁ፤ ልጅነታቸውን ከአባታቸው ጋር የነጋዴ በቅሎ ሲነዱ ያሳለፉ፣ ዓባይን በእግራቸው የሚያውቁ ሰው። ምዕ. 7ን አነበብሁላቸው። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ አለቀሱ ብዬ ኮራሁ። ለካ ሳቅ ነው።
«በነሐሴ? ያ ረቢ! መምህር፣ ሰውየውንም በቅሎዋንም ገደሏቸው እኮ! ጨዉስ? ለአዞ ወጥ አጣፈጡበት?»
አፈርሁ። እኔ ዓባይን የማውቀው በድልድይ፣ ከመኪና መስኮት ነው። ነጋዴ ክረምቱን ከገደሉ አፋፍ ተቀምጦ ያሳልፍ ነበር አሉ። ውሃው ዳር በትር ይተክላል፤ ማለዳ ማለዳ እየወረደ ውሃው ከበትሩ ምን ያህል እንደሸሸ ያያል። መሻገሪያው የሚከፈተው ጥቅምት ላይ ነው። የቸኮለ አልነበረም ወይ? አልሁ። ነበረ፤ ስሙን የሚያነሳ የለም አሉኝ።

የካቲት 6፣ ዓርብ፣ ጠዋት
ተናድጃለሁ። ወሩን ወደ ጥር ብለውጠውስ? በበጋ መሻገር ምን ጀብዱ አለው! እንዳለ ቢታተምስ ማን ያውቃል? ጋሼ ይማም ያውቃሉ።
ባለቤቴ አልጣሽ ሳትጠየቅ ፈረደች፦ «ታዲያ ቁጭ ብሎ ይጠብቃ! የመሰለው እርስዎን ነው፤ ችኩል!»

የካቲት 8፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ
አስናቀን ከአፋፉ ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት ወር ሙሉ። የእናቱ መንደር ማዶ ይታየዋል። ከጎጆዋ ጢስ ሲወጣ በሕይወት እንዳለች ያውቃል። «ዛሬም ጢስ አለ» ብዬ ጻፍሁ። በዘጠኝ ዓመት እንዲህ ያለ ገጽ አልጻፍሁም። ፊደሎቼ ግን መስመር ስተው ዳገት ይወጣሉ።
ለጋሼ ይማም በስልክ አነበብሁላቸው። ሳቅ የለም። እናትየውን እንዳልገድላት ለመኑኝ።
አልገድላትም።

የካቲት 9፣ ሰኞ፣ ንጋት 12 ሰ.
ለአሳታሚው መልእክት ላክሁ፦ መጽሐፉ ከመስቀል በፊት አይደርስም። ነገ ከሐኪሙ ፊት እቀርባለሁ። አልጣሽ ስንቅ ቋጥራለች። ፈርቻለሁ፤ ሆኖም ልቤ ቀሎታል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ አንተን እዚሁ ትቼህ እሄዳለሁ፤ ይዤህ ብሄድ እጄ አያርፍም።
የደሴው ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋል። አንድ መስመር ብቻ፦ አስናቀ በትሩን ነቅሎ ውሃው ወደ ሸሸበት ተከለው። ማዶ፣ የእናቱ ጢስ—