የቁልቁለቱ ፍሬን ያዥ የአቶ ጎሮንዊ ፕሪስ የሕይወት ታሪክ፣ ከታናሽ ወንድማቸው ኑዛዜ ጋር

አቶ ጎሮንዊ ፕሪስ ከአባታቸው ከአቶ ሃውል ፕሪስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ካትሪን ኦወን፣ በሰሜን ዌልስ ናንት ሌሪ በተባለችው መንደራችን፣ ከዚህ ጸሎት ቤት በላይ ባለው ሦስተኛ ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 1938 ተወለዱ። አባታቸው ፎል ሌሪ በተባለው የድንጋይ ካባ የጣሪያ ድንጋይ ፈላጭ ነበሩ። እናታቸው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት ሲሆኑ፣ ድምፃቸው ከፍ ሲል የጎረቤት ውሻ የሚያስጮኹ ሴት ነበሩ። ጎሮንዊ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ታናሽ ወንድማቸው ኢድዋል ተወለደ። ይህን ጽፌ አሁን ፊታችሁ ቆሜ የማነበው ኢድዋል እኔ ነኝ።

የሕይወት ታሪክ ስለ ሟች እንጂ ስለ ጸሐፊው እንዳይደለ አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ። የወንድሜ ልጅ ኤሪሪ ባለፈው ሰኞ መጥታ፣ “አጎቴ፣ ከአንተ የተሻለ የሚያውቀው የለም፤ አንተ ጻፈው። የዚያን ቀኑን አደጋ ግን በአንድ መስመር እለፈው። አባዬ ተሳሳተ፣ ሰው ነው፣ አለቀ” አለችኝ። በአንድ መስመር ለማለፍ ሦስት ቀን ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አባቷ አልተሳሳቱም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ይህን ደግሞ ከእርሳቸውና ከእኔ በቀር ማንም ሳያውቀው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተቀመጠ።

እንግዲህ በቅደም ተከተሉ ልሂድ። አቶ ጎሮንዊ በመንደሩ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተምረዋል። በሒሳብ ከክፍሉ አንደኛ ይወጡ ነበር፤ መምህራቸው ወደ ከተማ ሄደው እንዲቀጥሉ ቢወተውቱም የአባታቸው ሳንባ በድንጋይ አቧራ ታሞ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1953 በአሥራ አምስት ዓመታቸው ካባ ገቡ። ሰባት ዓመት ፉርጎ ገፍተው እ.ኤ.አ. በ1960 የትልቁ ቁልቁለት ፍሬን ያዥ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት በዚያ ዕድሜ ፍሬኑን የጨበጠ ሰው አልነበረም።

ድሮ ይህን የማያውቅ የናንት ሌሪ ድመት እንኳ አልነበረም፤ ዛሬ ግን ከሩቅ የመጡ የልጅ ልጆች ስላሉ ልናገር። ቁልቁለቱ ሞተር የለውም። ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች በገዛ ክብደታቸው በሐዲዱ ሲወርዱ፣ በብረቱ ገመድ ሌላ ጫፍ የታሰሩትን ባዶዎች ሽቅብ ይጎትታሉ። ገመዱ የሚጠመጠምበት ትልቅ የእንጨት ጥቅልል አናቱ ላይ ባለው ቤት ውስጥ ነው። የዚያን ጥቅልል ፍሬን የያዘ ሰው፣ ታች ያለውን ሰው ሁሉ ነፍስ ይዟል። ታች የሚቆመው ሠራተኛ ባዶዎቹን ከገመዱ ጋር ያያይዝና ባያያዘው ቁጥር ልክ ደወል ይመታል። ሁለት ባዶ ከሆነ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ከሆነ ሦስት ጊዜ። ላይ ያለው በደወሉ ልክ የተጫነ ይለቃል። ደመና ዝቅ ባለ ቀን ላይና ታች አይተያዩም፤ ያለው መተማመን ብቻ ነው።

በመንደራችን ሰው በሥራው ስለሚጠራ እርሳቸው “ጎሮንዊ ፍሬን” ተባሉ። እኔም እ.ኤ.አ. በ1961 ታች ተመድቤ “ኢድዋል ደወል” ተባልኩ። እስከ ዛሬ ዳቦ ልገዛ ስገባ “ደወል፣ እንዴት ነህ?” እባላለሁ። በተባልኩ ቁጥር ምን እንደሚሰማኝ እናንተው ገምቱት።

ከድሮ የካባ ሰዎች የወረስናት አንዲት ክፉ ጉራ ነበረች። ደወሉን ቀድሞ መምታት፣ ከዚያ ገመዱ እስኪወጠር ባለችው ጊዜ የመጨረሻዋን ፉርጎ ማያያዝ። ይህን የቻለ ቀልጣፋ ተብሎ የካባው ሠራተኛ በሚያርፍበት የሻይ ጎጆ ውስጥ ይወራለታል። እኔ እችል ነበር። ወንድሜ ግን ይህን ነገር አጥብቀው ይጠሉት ነበር። በሰው ፊት፣ “አንተ ልጅ፣ ደወል ማለት ጨርሻለሁ ማለት ነው። ልጨርስ ነው ማለት አይደለም። አንድ ቀን ሰው ትገድላለህ” ይሉኝ ነበር። እኔም “አንተ ፍሬንህን ያዝ፣ ጎሮ፤ እኔ ላይ አትያዝብኝ” ብዬ ሰዉን አስቅ ነበር።

አቶ ጎሮንዊ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወይዘሮ ኔስታ ሞርጋን ጋር በዚሁ ጸሎት ቤት ጋብቻቸውን ፈጽመው አንድያ ልጃቸውን ኤሪሪን ወለዱ። ካባው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲዘጋ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፉርጎዎች ያወረዱት እርሳቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታቸው ድረስ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነዱ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ አንድም ልጅ ጭረት አልነካውም። ልጆቹ አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ይቆጠሩ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1994 ወንድሜ እኔን ጨምሮ አሥራ አንድ የድሮ ሠራተኞች ሰብስበው ቁልቁለቱን ሊያድሱ ተነሡ። ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየቅዳሜው! እሾሁን መነጠርን፣ ሐዲዱን ከበጎች ጉረኖ አጥር ላይ ሳይቀር እየለመንን ሰበሰብን፣ ጥቅልሉን በአዲስ እንጨት አበጀን። ወይዘሮ ኔስታ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ከእኔ ጋር ሳይሆን ከዚያ ጥቅልል ጋር ነው የተጋባኸው። እሱ ሾርባ ይሥራልህ” እያሉ በየቅዳሜው ዘቢብ ያለበት ዳቦ ጠቅልለው ይልኩልን ነበር። ወንድሜ በሕይወታቸው እንደዚያ ጊዜ ሲደሰቱ አላየሁም።

የመክፈቻው ቀን ቅዳሜ ሜይ 18 ቀን 2002 ነበር። ካፊያ ይጥላል፣ ደመናው የቁልቁለቱን ግማሽ ውጦታል። ታች መንደሩ ሁሉ ቆሟል። መዘምራኑ ሜንና ሩዝ በሚባሉት ወይዘሮ መሪነት ይዘምራሉ። እኔ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አዲስ ኮፍያ አድርጌያለሁ። ሰው እያየኝ ነው። እንደ ጎረምሳ ልቤ አበጠ። አንድ ሰው “ደወል፣ የድሮዋን አሳየን እስቲ!” አለ። ሁለት ባዶ አያይዤ ነበር። ሦስት ጊዜ መታሁ።

ሦስተኛዋን ሳላያይዝ ገመዱ ተወጠረ፣ ሁለቱ ባዶዎች ከእጄ አምልጠው ወጡ። ወንድሜ አናቱ ላይ ሆነው፣ በእኔ ደወል አምነው፣ ሦስት የተጫኑ ለቀዋል። ሁለት ባዶ ሦስት የተጫነን አይዝም። ደወሉን ደግሜ ደጋግሜ ብመታ “አቁም” ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዘኝም። የራሰው ፍሬን ሲጮኽ ሰማን። ከደመናው ውስጥ ፉርጎዎቹ ወጥተው ከሐዲዱ ዘለሉና ታች በቀረችው ባዶ ላይ ተከመሩ። የወይዘሮ ሜንና ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ተሰበረ። ዛሬም ሁለተኛው ወንበር ላይ በምርኩዛቸው ተቀምጠዋል። አላያቸውም፤ ምን ዓይን አለኝ?

ከሌሎቹ ጋር ሽቅብ ሮጬ ስደርስ፣ ጉዴ ሊወጣ ነው ብዬ ነበር። ላይ ሁለት ባዶ ብቻ ይገኛላ! ነገር ግን በጥቅልሉ ቤት ጣሪያ ሥር ሦስት ባዶ ፉርጎዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ሁለቱ ውኃ ያንጠባጥባሉ። ሦስተኛዋ ደረቅ ናት። ወንድሜ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገና ሁለቱን ሲያዩ ገብቷቸው፣ ከጓዳው ያቺን ገፍተው አምጥተው አጠገባቸው አቁመዋት ነበር። እጃቸው ከፍሬኑ ጋር ሲታገሉ ተልጦ ደም ይፈሳል። ሌላ ሰው ልብ አላለም። እኔ ደረቋን ፉርጎ አየሁ፣ እርሳቸውም እንዳየሁ አዩ። ታች የተደፈጠጠችውን ባዶ ሁሉም ሰው ድሮም እዚያ የምትቆም ትርፍ ፉርጎ አድርጎ ቆጠራት።

በሳምንቱ በድሮው ልማድ በሻይ ጎጆው ተሰበሰብን። በዚያ ጎጆ ሰው ሲናገር አይቋረጥም፤ ነገርም የሚያልቀው እጅ በማንሳት ነው። አቶ ጎሮንዊ ተነሥተው “ፍሬኑ የእኔ ነበር፤ የምጨምረው የለኝም” ብለው ተቀመጡ። ከዚያ ፍሬኑን ዳግመኛ እንዳይነኩ፣ በጥቅልሉ ቤት ግድግዳ ላይ ከፍሬን ያዦች ስም ጋር የተሰቀለው ስማቸውም እንዲወርድ ሐሳብ ቀረበ። ከአሥራ አንዳችን ስድስት እጅ ተነሣ። ስድስተኛው እጅ የእኔ ነበር።

አዎ፣ የእኔ። ባላነሣው ኖሮ ሐሳቡ ይወድቅ ነበር። ዝም ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ፈራሁ፤ ለወንድሙ አዳላ እንዳልባል ቸኮልኩ። ወንድሜ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ማንም ልብ በማይለው ድምፅ፣ “ኢድዋል፣ ሻይህ ቀዘቀዘ” አሉኝ። ያን ሻይ ጠጣሁት። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ጠጥቼ ጨረስኩት።

ከዚያ በኋላ አቶ ጎሮንዊ ወደ ቁልቁለቱ አልወጡም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎብኚ ሲመጣና የጥቅልሉ ድምፅ ሲሰማ መስኮታቸውን ይዘጉ ነበር። ወይዘሮ ሜንና ከሰል መሸከም ስላቃታቸው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሰላቸውን እየጫኑ ከበራቸው ያደርሱ ነበር፤ ሰማንያ ዓመት አልፏቸው እንኳ። የእኔን ዕዳ በባልዲ ተሸከሙልኝ። እኔ ደግሞ በመንገድ ሳገኛቸው “ጎሮ፣ ወገብህን ትቆርጠዋለህ” ብዬ አልፍ ነበር። ወይኔ!

ባለቤታቸው ወይዘሮ ኔስታ እ.ኤ.አ. በ2015 አረፉ። ከሦስት ዓመት ወዲህ አባታቸውን የገደለው የድንጋይ አቧራ የእርሳቸውንም ሳንባ አደከመው። በሐኪምና በልጃቸው እንክብካቤ ቤታቸው ውስጥ ሲታገሉ ቆዩ። በመጨረሻው ሳምንት አጠገባቸው ተቀምጬ፣ “ጎሮ፣ ሁለት ነበሩ” አልኳቸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

“አውቃለሁ፤ መቁጠር እችላለሁ እኮ” አሉኝ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ “ደወሉስ ይቅር፤ ጉራህን ድሮም አውቀዋለሁ። እጅህን ለምን አነሣህ?” ብለው ጠየቁኝ። በማግሥቱ ሐሙስ ኖቬምበር 11 ቀን 2021 ከሰዓት በኋላ በተወለዱ በሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

ይህን ጽሑፍ ትናንት ለኤሪሪ ሰጠኋት። ቄሱ እንዲያነቡት ለምኛት ነበር። ቆማ እስከ መጨረሻው አነበበችው፤ ወረቀቱን መለሰችልኝና፣ “ራስህ ታነበዋለህ” አለችኝ። ልክ ናት።

አቶ ጎሮንዊ ልጃቸውን ኤሪሪን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ለእርሳቸው የማይመጥን አንድ ወንድም ትተው ሄደዋል። በሕይወት ያለን የሻይ ጎጆው አባላት አራት ነን፤ ግን ዛሬ ስማቸው ወደ ግድግዳው ይመለስ የሚል ከመካከላችሁ ማንም እጁን ያንሣ። እኔ አላነሣም፤ ያቺ እጅ ድምፅ የሚሰጥባት ነገር ጨርሳለች።

እውነተኛ ሚዛን ያለው ጌታ፣ የሌላውን ሸክም ዝም ብለው የተሸከሙትን ወንድሜን በዕረፍቱ ቦታ ያሳርፋቸው፤ ለእናንተ ለሐዘንተኞችም መጽናናትን ይስጥ። ከቀብር በኋላ ሁላችንም በቁልቁለቱ ሥር እናልፋለን። ደወሉን የሚመቱት ወይዘሮ ሜንና እንዲሆኑ በኤሪሪ በኩል ለምኜ እሺ ብለውኛል። የሚመቱትም ሁለት ጊዜ ነው።